ሟቹን ይዛ የመጣችው ሴት

እትዬ የሺመቤት ማረፏን በስልክ የነገረኝ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። «ጋሼ፣ እትዬ የሺ አረፈች» አለኝ፣ ድምፁ ስብር ብሎ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «እርግጠኛ ነህ? በዓይንህ አይተሃል?» የሚል ነበር። ልጁ ግራ ገባው። «ቀብሯ ላይ ነበርኩ እኮ ጋሼ» አለ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ይህችን ሴት ያላወቀ ሰው ሳቄ አይገባውም። ልንገራችሁ። ብቻ «ቀስ ብለህ አውራ» አትበሉኝ፤ የእትዬ የሺን ነገር ቀስ ብዬ ማውራት አልችልበትም!

በደርግ ዘመን አንኮበር አስተማሪ ነበርኩ። የተከራየኋት ክፍል እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ከመንዝ በርኖስና ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እያመጣች፣ የበግ ፀጉር እየሰበሰበች ደብረ ብርሃን ወስዳ ትሸጣለች። ባሏ ሞቶባታል፤ አልወለደችም። ያላት አንድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ተክሌ። እናታቸው ስትሞት እሷ ራሷ ገና ልጅ ሆና ያሳደገችው።

እንዝርት ከእጇ አይለይም። ስትሄድ ትፈትላለች፣ ስትሳደብ ትፈትላለች። ነገር ሲከርርባት ግን እንዝርቱን መቀነቷ ውስጥ ሻጥ ታደርግና ጭኗን በመዳፏ ጧ! ታደርገዋለች። ያን ጊዜ አዋቂ ሰው ከመንገዷ ዞር ይላል። ስለ ንግግሯ ደግሞ ምን ልበላችሁ? ገበያ ደርሳ ስትመለስ ግቢው በሰው ይሞላል። የበግ ዋጋ እንኳ ከእሷ አፍ ሲወጣ ተረት ነበር።

«ወሬ ክንፍ ቢኖረው እኔ እግር አለኝ» ትል ነበር። ይህን ለማለት ብቻ አልነበረም የምትለው። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ባል ጫጫ ላይ ሌላ ሚስት አገባ ተባለ። ሴትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታለቅስ፣ ሴቱ ሁሉ ከቧት ሲያለቅስ እትዬ የሺ የጭነት መኪና ላይ ወጥታ ጫጫ ወረደች። ተመልሳ መጥታ ከበሩ ላይ ጮኸች፤ «ተነሺ አንቺ! ሚስት አላገባም፤ የታመመ አጎቱን ነው የሚያስታምመው። ብቻ ወፍሯል፤ እሱን አልደብቅሽም!»

ተክሌ የእሷ ተቃራኒ ነበር። ዝምተኛ። በቅሎ እያከራየ፣ ጭነት እየጫነ ደጋና ቆላ የሚመላለስ ሰው። ታዲያ አንድ ገበያ ቀን፣ ከማል የሚባል የአልዩ አምባ የበርበሬ ነጋዴ የተከራያትን በቅሎ አንካሳ አድርጎ መለሰለት። ተክሌ ያቺን በቅሎ እንደ ሰው ነበር የሚወዳት። ያ ሰላምታው እንኳ የማይሰማ ሰው ገበያ መሃል «እገልሃለሁ! ስማኝ፣ እገልሃለሁ!» ብሎ ሲጮህ ያልሰማ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ ከማል የገባበት ጠፋ። ከአንኮበር ቁልቁል ካለው ገደል አፋፍ፣ ቁጥቋጦ ላይ፣ ደም የነካው ኩታው ተንጠልጥሎ ተገኘ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ተክሌን አስረው ደብረ ብርሃን ወሰዱት።

የወሰዱት፣ ሰዉ «ቆርቆሮው ግቢ» ወደሚለው የምርመራ ቦታ ነበር። በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ሌላውን መንገድ ይመርጣል፤ ጩኸቱ ይሰማል። እትዬ የሺ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች። ስንቁን ይቀበሏታል፤ ወንድሟን አያሳዩዋትም። በመጨረሻ አንድ ቀን «ጨርሷል፤ አሁን ማየት ትችያለሽ» አሏት። ምኑን እንደጨረሰ አልነገሯትም። አብሬያት ነበርኩ።

ተክሌን ሁለት ጠባቂዎች ደግፈው አመጡት። እግሮቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ አብጠው ከጉልበቱ ይወፍራሉ። ወፌ ላላ ገርፈውት ነበር፤ እጅና እግሩን አስረው፣ እንጨት ላይ ዘቅዝቀው ሰቅለው፣ ውስጥ እግሩን።

እትዬ የሺ እግሮቹን አየች። «ምን አሉህ?» አለችው።

«ስለ ጉዳዩ ማውራት ክልክል ነው!» አለ አንደኛው ጠባቂ።

ተክሌ መሬት መሬቱን እያየ «ገደልኩ ብያለሁ፣ እትዬ» አለ።

«ብያለሁ ነው ወይስ ገድያለሁ?»

«ብያለሁ።»

ጎትተው መለሱት። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። እሷ ግን ውጪ እንደወጣን እንዝርቷን መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አደረገች። ጧ! «ሰማኸው አንተ አስተማሪ? ‹ብያለሁ› አለ! በቃኝ!»

የአንኮበር ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ነበር። አምኗል፣ የገደለበትንም ቦታ መርቶ አሳይቷል ይባላል። እውነት ነው፣ ገደሉ ድረስ በመኪና አምጥተውት ነበር። ያዩት ሰዎች ግን ሌላም ነገር አይተዋል። ተክሌ ወደ አንድ ቋጥኝ ሲጠቁም መርማሪው ሃምሳ አለቃ «እዚያ አይደለም፣ እዚህ ነው» እያለ ክንዱን ይዞ ያዞርለት ነበር። ይህን በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። ጮክ ብላ የተናገረችው እትዬ የሺ ብቻ ነበረች፤ እሱንም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ!

«ከማል ካልተገደለ የሆነ ቦታ አለ» አለችኝ። «ያለበት እሄዳለሁ።»

በአልዩ አምባ ገበያ ቀን አብሬያት ወረድኩ። ወሩ ኅዳር ነበር። እላይ ጉም ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር፤ ቁልቁለቱን ስንጨርስ ልብሳችንን ከላያችን እያወለቅን ነው። እትዬ የሺ ገበያው ውስጥ ማንንም ምንም ሳትጠይቅ ጥላ ሥር ተቀመጠችና አንዲት ሴት ማየት ጀመረች። የከማል እናት፣ እማማ ዘይነባ ናቸው። ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ ሐዘንተኛ ይመስላሉ። ግን በርበሬ ሊገዙ ቁጭ ብለው ከሻጩ ጋር እንዴት ያለ ክርክር ገጠሙ! ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ በርበሬውን በጣታቸው ቆንጥረው ያሸታሉ፣ «ይሄማ አፈር ነው!» ይላሉ።

እትዬ የሺ ክንዴን ጨመደደችው። «ልጁ አለ!» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ልጇ ገደል የገባባት እናት በርበሬ ላይ እንዲህ አትከራከርም። የሰጧትን ይዛ ነው የምትሄደው።»

ተነስታ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እማማ ዘይነባ ቤት በር ላይ ደረስንባቸው። እትዬ የሺ ሰላምታም አላበዛች። «እኔ የተክሌ እህት ነኝ። ልጅዎ በሕይወት አለ።»

«አላህ ነው የሚያውቀው» አሉ፣ ቁልፋቸውን እየፈለጉ።

«አላህማ ያውቃል። እርስዎም ያውቃሉ።»

እማማ ዘይነባ ግራ ቀኙን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በቁጣ ተናገሩ፤ «ታላቁን አፍሰው ወደ ሰሜን ወሰዱብኝ፤ ቀረ። ይህንን ሊያፍሱ ሲመጡ ከአንኮበር ገደል ዘሎ ነው ያመለጠው፤ እሾህ በልቶት፣ ደምቶ። አሁን ሞቷል ስለተባለ የሚፈልገው የለም። የሞተ ልጅ ነው የቀረልኝ። እሱን ደግሞ ውሰጂብኝ?»

ይህን ስሰማ የምገባበት አጣሁ። ብሔራዊ ውትድርና ስንቱን እናት እንዲህ ዋሾ እንዳደረገ የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። እትዬ የሺ ግን አልተከራከረችም። በሩ ላይ መሬት ቁጭ አለችና «የኔም አንድ ነው» አለች። «ሊገድሉት ነው። ባልገደለው ሰው።» ሁለቱም አለቀሱ። ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ሲበቃቸው እማማ ዘይነባ ተነሱ። «እኔ አልነገርኩሽም» አሉ። «ግን ወንዙን ተከትለሽ ወደ ማሽላው ብትወርጂ መንገዱ የኔ አይደለም፤ አልከለክልሽም።»

ወረድን። ማሽላው ደርሶ ራሱን አዘንብሏል፤ ወፍ እንደ ደመና ይነሳል፣ ይቀመጣል። በየእርሻው መሃል ወፍ ጠባቂ የሚቆምበት የእንጨት ማማ አለ። አንዱ ማማ ላይ ጢሙ ያደገ፣ ሽርጥ ያገለደመ ወጣት ወንጭፉን እያሽከረከረ ቆሟል። ሲያየን ወንጭፉን ወደ እኛ አዞረ። እኔ ማሽላው ውስጥ ተወሸቅሁ! እትዬ የሺ ግን ወገቧን ይዛ ወደ ላይ አንጋጠጠችና በዚያ ጎርናና ድምፅዋ፣

«ውረድ አንተ ሬሳ!» አለችው።

ወፉ ሁሉ ብድግ አለ። ሰውየው ወንጭፉን ጣለ። ወረደ። ከማል ነበር!

ወሬው ሁሉ አልደረሰውም ነበር። ሞቷል መባሉን ሰምቶ ደስ ብሎታል፤ በእሱ ሰበብ ሰው መታሰሩን ግን አላወቀም። ስትነግረው የማማው እግር ሥር ቁጭ አለ። ውስጥ እግሩን እንዴት እንደገረፉት፣ ያልፈጸመውን እንዴት እንዳሳመኑት ስትነግረው ጭንቅላቱን ይዞ «ያ አላህ!» ይላል ደጋግሞ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ብመጣ እኔን ይይዙኛል አይደል?» አላት።

እዚህ ላይ ነው እትዬ የሺን ለዘላለም የወደድኳት። ወንድሟ ሞት ፊት ቆሟል፤ አንዲት ትንሽ ውሸት ብትዋሽ ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን፣ «ይይዙህ ይሆናል» አለችው። «አልዋሽህም። እኔ ባለኝ ጉልበት ሁሉ እጥራለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ቃል ልስጥህ?»

ከማል ተነሳ። ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ዉዱእ አደረገ፤ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰገደ። ከስግደቱ ሲነሳ ሽርጡን አጠበቀና «በበቅሎዋም ጥፋቱ የኔ ነበር። እንሂድ» አለ።

የተክሌ ችሎት በማግስቱ ነበር። አንኮበር ደርሰን በማለዳ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። ከማልን የበግ ፀጉር ከታጨቀባቸው ጆንያዎች መሃል አጋደምነው፤ በላዩ ላይ ባና ከመርን። ደብረ ብርሃን መግቢያ ኬላ ላይ ፈታሹ ወጣና ጆንያውን በዱላ ይነካካ ጀመር። «ምንድን ነው?»

«የበግ ፀጉር ነው።»

ይህን እንዳለች ከጆንያው ሥር «እጥሽ!» የሚል መጣ። እትዬ የሺ ወዲያው «እጥሽ! እጥሽ! እጥሽ!» እያለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ታስነጥስ ጀመር፤ እኔም ገባኝና አስነጠስኩ፤ ነገሩን ሳያውቁ አብረውን የተሳፈሩት ሁለት ሰዎች እንኳ ተጋብቶባቸው አስነጠሱ። ፈታሹ «ምን ዓይነት በሽታ ነው የያዛችሁ!» ብሎ ዘሎ ወረደ። ሹፌሩ ነዳው!

ችሎቱ ሞልቷል። ዳኛው በዕድሜ የገፉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ተክሌ በጠባቂ ተደግፎ ቆሟል። ሃምሳ አለቃው ለምስክርነት ቀርቦ፣ ተከሳሹ ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ በሙሉ አእምሮው ማመኑን ይናገራል። ጥሩ ተናጋሪ ነበር። የተጫነ ካኪ፣ የተላጨ አገጭ። ዐቃቤ ሕጉ ራሱን ይነቀንቃል።

ከኋላ እትዬ የሺ ተነሳች። «ጌታዬ ዳኛ!»

«ጓድ ዳኛ በይ» አላት ጸሐፊው።

«ጓድ ጌታዬ! ምስክር አለኝ!»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ማነው ምስክርሽ?»

«ሟች።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «እዚህ አይቀለድም! የምን ሟች?»

«የገደለው የተባለው ነዋ! በር ላይ ቆሟል፤ ይግባ በሉት!»

ገባ። ፀጉሩ ላይ፣ ጢሙ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር የበግ ፀጉር ተለጥፎበት፣ ነጭ ሽማግሌ መስሎ ገባ! አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ ተማተበች። በሃምሳ አለቃው ፊት ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ እንጃ።

«ስምህ ማነው?» አሉ ዳኛው።

«ከማል።»

«የት ነው የምትኖረው?»

«አልዩ አምባ ነው ጌታዬ። አልሐምዱሊላህ፣ እኖራለሁ።»

እንደገና ሳቅ ሊነሳ ሲል ተክሌ ተንቀሳቀሰ። በዚያ እግሩ፣ ማንም ሳይደግፈው፣ አግዳሚውን እየያዘ ወደ ከማል ሄደ። ጠባቂው ሊይዘው ሲል ዳኛው በእጃቸው ከለከሉት። ተክሌ የከማልን ፊት ዳሰሰ። ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ጆሮውን። «ከማል» አለው። «አልገደልኩህም?»

«አልገደልከኝም ወንድሜ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። እስቲ አስቡት! ከሕፃንነቱ ጀምሮ በግ እንኳ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው፣ መግደል አለመግደሉን ከሟቹ አፍ መስማት አስፈልጎት ነበር። እንዲህ አድርገው ነው የሠሩት።

ሃምሳ አለቃው ግን ቶሎ ነቃ። «ጓድ ዳኛ፣ ይህ ሰው ከብሔራዊ ውትድርና የሸሸ ነው! አሁኑኑ በቁጥጥር ሥር ይዋል!»

እንዝርቷ መቀነቷ ውስጥ ገባ። ጧ!

«የሞተ ሰው ይዘምታል እንዴ?» አለች እትዬ የሺ። «ሞቷል ብለህ ምለህ የተናገርከው አሁን አይደለም እንዴ? ምላስህ ላይ ያለው ምራቅ ገና አልደረቀም! ወይ ሞቷል በልና ተወው፣ ወይ ዋሽቻለሁ በልና ውሰደው! ሁለቱን አንድ ላይ ማን ሰጠህ?»

ችሎቱ ተናጋ! ሰው ያጨበጭባል፣ ከውጪ ያሉት «ምን አለች? ምን አለች?» እያሉ ይጋፋሉ። ዳኛው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ቆዩ። ስቀው ይሁን ፈርተው እስከ ዛሬ አላውቅም። እጃቸውን ሲያነሱ ፊታቸው ኮስታራ ነበር። «ይህ ችሎት የተቀመጠው በነፍስ ግድያ ክስ ላይ ነው» አሉ። «ተገደለ የተባለው በሕይወት አለ፤ ተከሳሹ ይፈታ። በሌላ ጉዳይ እኔ ፊት የቀረበ ክስ የለም። ለምስክርነት የመጣ ሰው እንደመጣ ይሄዳል።» በዚያ ዘመን ይህን ለመናገር ምን ያህል ወኔ እንደሚጠይቅ ለልጆች ማስረዳት ይከብደኛል።

ሃምሳ አለቃው ወደ በሩ ተስፈነጠረ፤ ግን በሩ በሰው ተደፍኗል። ሰዉ አይገፋው፣ አይሰድበው፤ ዝም ብሎ ቆሟል። «እስቲ አሳልፉኝ!» ሲል «ወዴት እንሂድልህ ጌታዬ?» ይሉታል። እሱ ሲጋፋ ከማል በርኖስ በለበሱ ነጋዴዎች መሃል ገብቶ የለም። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ እዚያው ቆላው ውስጥ ኖረ፤ ኋላ ሚስት አግብቶ ወለደ። ሃምሳ አለቃውን ግን ማንም አልጠየቀው። ብዙም ሳይቆይ ሹመት ተጨምሮለት ተዛወረ ሲባል ሰማሁ። እንዲህ ነው፤ ሁሉም ነገር ደስ እንዲል ሆኖ አያልቅም።

ተክሌን ይዘን በዚያው መኪና ወደ አንኮበር ተመለስን። ባናው ላይ አስተኛነው። እትዬ የሺ መንገዱን ግማሽ ያህል ስትናገር፣ ሃምሳ አለቃውን እያስመሰለች ሹፌሩን ሳይቀር ስታስቅ ቆየች። ከዚያ ድንገት ዞረችበት። ለካስ በሆዷ ይዛው ኖራለች።

«አንተ ግን! ምን ቢያደርጉህ ነው ያላደረግኸውን አደረግሁ የምትለው? እኔ ብሆን ቆዳዬን ቢገፉኝ አልልም ነበር! እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁህ?»

ተክሌ የተጠቀለሉ እግሮቹን አየ። መኪናው ይንገጫገጫል። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ግርፋቱን ችዬው ነበር፣ እትዬ። በኋላ ስምሽን ጠሩ። የት እንደምትኖሪ ያውቃሉ። ‹እህትህን አምጥተን እዚሁ እንጨት ላይ እንሰቅላታለን፤ አንተ ታያለህ› አሉኝ። ያን ጊዜ ገደልኩ አልኩ። እንዴት እንደገደልኩት ግን አላውቅም ነበር። እነሱ ነገሩኝ።»

እትዬ የሺ ወደ እግሮቹ ተጠጋች። የለበሰችውን በርኖስ አወለቀችና እግሮቹን ሸፈነችለት፤ እግሮቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አንኮበር እስክንገባ አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኔ እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም።

አንኮበር ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሮ ሰዉ ወጥቶ ጠበቀን። እልልታው ዳገቱን አናወጠው። ተክሌን ተሸክመው አውርደው የግቢያችን ድንጋይ ላይ ባና አንጥፈው አስቀመጡት። ሁሉም እትዬ የሺን ከበቧት። «ንገሪን! ከመጀመሪያው ንገሪን እንጂ! ሬሳ አልሽው አሉ?»

እሷ በሰዉ መሃል አልፋ ሄዳ ከተክሌ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ተክሌ አይቷት ቆየ። ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ከኋላ ያሉት ስላልተሰማቸው ይንጫጫሉ፣ «እሷ ትንገረን እንጂ!» ይላሉ።

እትዬ የሺ ቀና ብላ በዓይኗ ቃኘቻቸው።

«ዝም በሉ!» አለች። «ወንድሜ እየተናገረ ነው።»